ልደታ ላይ የተቆረጠው ስም

ሠርካዲስ ገረሱን የማውቃት በሥራ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እኔ ታይፒስት ነበርኩ፤ እሷ መጀመሪያ ቴሌክስ ላይ፣ ኋላ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ትሠራ ነበር። ያን ጊዜ በእኛ ቢሮ ኮምፒውተር የሚባለው አንድ ብቻ ነው። የራሱ ክፍል ተሰጥቶት፣ አቧራ እንዳይነካው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል፤ ወደ እሱ የምንገባውም ጫማችንን አውልቀን ነበር። ናይሮቢ ሄዳ ሦስት ወር የሠለጠነችው እሷ ስለሆነች የክፍሉ ቁልፍ በእሷ እጅ ነው። ቁጥብ ሰው ናት፤ ስትስቅ እንኳ ድምፅ የላትም። በዚያ ሁሉ ዓመት ስትጮህ የሰማኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። የምነግራችሁም የዚያን ቀን ነገር ነው።

የልደታ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ገረሱ አብነት ውስጥ አልጋና ቁምሣጥን የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። ወልደአማኑኤል የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት፤ ከአባቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ ነበር። በ1969 ዓ.ም ሰኔ ላይ ከሚሊሻው ጋር ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ዲንቄ የምትባል ሚስቱንና ገና የስድስት ወር ሕፃን የሆነች ልጁን ሲቲን ትቶ ነው የሄደው። በዓመቱ አብሮት የዘመተ የሠፈር ሰው ቆስሎ ተመለሰና ወልደአማኑኤል የተሳፈረበት መኪና በእሳት ሲያያዝ በዓይኑ ማየቱን ተናገረ። ለቅሶ ተቀመጡ። ተዝካሩም ልደታ ማርያም ወጣ። ዲንቄ አራት ዓመት ጥቁር ለብሳ ከቆየች በኋላ ጋሻው የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር አገባች። የመረቋትም አማቷ አቶ ገረሱ ራሳቸው ናቸው። «ልጄ ሞቷል፤ አንቺ ግን በሕይወት አለሽ» አሏት ይባላል። እናቱ ወይዘሮ ወለተሰንበት ግን ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆዩም።

እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ነሐሴ 1980 ላይ ሶማሊያ ታስረው የነበሩ የጦር ምርኮኞች መመለስ ጀመሩ። በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይወርዱና ስማቸው እዚያ ባለው ቅርንጫፋችን ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። በሕይወት የመጡትም፣ እስር ቤት ውስጥ የሞቱትም በአንድ ዝርዝር ላይ ነው የሚጻፉት፤ የሞቱትን የሚያስመዘግቡት ጓደኞቻቸው ናቸው። የእኛ ሥራ ዝርዝሩን ተቀብሎ ለቤተሰብ መንገር ነበር።

ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ደጃፋችን በሰው ተሞላ። ፎቶግራፍ የያዘ አለ፣ የድሮ ደብዳቤ የያዘ አለ። ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት እማማ ጠጅቱ የሚባሉ የአብነት ሴት ነበሩ። ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ልደታ ማርያም ቅዳሴ አስቀድሰው፣ በነጠላቸው ላይ ላስቲክ ደርበው በእግር ይመጣሉ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ የእሳቸው ቦታ ሆነ። የሚጠብቁት አንድ ልጃቸውን ነው።

ሠርካዲስ ግን ማንንም አትጠብቅም ነበር። ወንድሟ ከተቀበረ፣ በሐሳብም ቢሆን ከተቀበረ፣ አሥር ዓመት አልፎታል። ዝርዝሩ ለእሷ ሥራ ነው።

ሥራውም ከባድ ነበር። ዝርዝሩ ሦስት ሺህ ያህል ሰው አለበት። ከድሬዳዋው ኮምፒውተር ወደ እኛው የሚመጣው በስልክ መስመር ሲሆን፣ በመካከል ሆኖ ፊደሉን ወደ ድምፅ፣ ድምፁን መልሶ ወደ ፊደል የሚለውጥ ሞደም የሚባል ዕቃ አለ። ሞደሙ በሰከንድ የሚያስተላልፈው መቶ ሃያ ፊደል ግድም ስለሆነ፣ ሁሉ ነገር ቢሰምርለት እንኳ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። የክረምት የስልክ መስመር ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ አይቆምም። በሃያኛው፣ ቢበዛ በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ቋ ይልና ጸጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ሲጀመር የድሮው ፕሮግራም የደረሰውን ሁሉ ረስቶ ከመጀመሪያው ስም ይነሣል። ስሞቹ የተደረደሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው፤ ስለዚህ አበበዎችና በቀለዎች በየቀኑ ይደርሳሉ፣ ወልዴዎችና ዘውዴዎች ግን በየቀኑ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ከፋፍለው ሲልኩት አንዱ ሰው ሁለት ቦታ እየገባ፣ ሌላው እየጠፋ አስቸገረ። በፍሎፒ ዲስክ ተቀድቶ በአውሮፕላን ቢመጣም ኮምፒውተራችን አላነብም አለ።

በመጨረሻ ከናይሮቢ አዲስ ፕሮግራም ተላከልን። መስመሩ ሲቋረጥ የደረሰውን ይይዛል። እንደገና ሲገናኙ ተቀባዩ ኮምፒውተር ለላኪው «ይህን ያህል ፊደል ደርሶኛል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ላክ» ይለዋል። በቃ፣ ከተቆረጠበት ይቀጥላል። ሠርካዲስ ይህንን ስታስረዳኝ ፊቷ እንደ ልጅ በራ።

ድሬዳዋ ያለው ባልደረባዋ ቦጂያ ይባላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ሲሠሩ በአካል አልተያዩም። ነሐሴ አሥራ አንድ፣ ረቡዕ ጠዋት መስመር ተገኘና ጀመሩ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሄዶ ተቋረጠ። እንደገና ስታስደውል ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና ከተቋረጠበት ቀጠለ። እኔ አጨበጨብኩ፤ እሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። ሃያ አራት ደቂቃ ሄደ። አራት ደቂቃ ሲቀረው ሰማዩ ተናጋ፣ መስመሩም ሞተ። የርቀት ስልክ ኦፕሬተሯ «ዛሬ ድሬዳዋ አይገኝም፣ ነገ ሞክሩ» አለች።

«ግድ የለም፣ የቀረው ጭራው ነው። እስቲ የት እንደደረሰ ልየው» አለችና ሠርካዲስ የደረሰውን ፋይል ከፈተች።

ጀርባዬን ሰጥቼ ወረቀት እየደረደርኩ ነበር። የጣቶቿ ኳኳታ ሲቆም ዘወር አልኩ። ሁለት እጆቿን ከፊደል መምቻው ላይ አንሥታ አየር ላይ ይዛቸዋለች፤ እሳት የነካች ነው የምትመስለው።

«ምን ሆንሽ?»

ተጠግቼ አየሁ። ከስክሪኑ ሥር የመጨረሻው ረድፍ እንዲህ ይላል፦ ወልደአማኑኤል ገረሱ፣ አዲስ አበባ፣ ልደታ። ከዚያ ወዲያ የለም። እያንዳንዱ ሰው እኩል ፊደል የሚይዝ አንድ ረድፍ ነው ያለው፤ ከትውልድ ሠፈሩ ቀጥሎ በሕይወት መኖሩ ወይም መሞቱ፣ ከዚያ የቅርብ ዘመዱ ስም ይጻፋል። የእሱ ረድፍ ግን ልደታ ላይ ተቆርጧል።

«ኮከቤ» አለችኝ፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም። «ወንድሜ ነው።»

«የስም መመሳሰል ቢሆንስ?»

«ልደታ ውስጥ ስንት ወልደአማኑኤል ገረሱ አለ?» አለችኝና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «መኪናው ውስጥ አልተቃጠለም ማለት ነው። እዚያ ነበር። እኛ ስንበላ ስንጠጣ፣ ዲንቄን ስንድር፣ እሱ እዚያ ነበር። አሁንስ? አለ ወይስ የለም?»

መልሱ ድሬዳዋ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከልደታ ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ፊደላት ላይ ነው ያለው። ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አልተገኘም። ቴሌግራም እንላክ ብላት «ነገ ጠዋት ይቀድመዋል» አለች። ጃንጥላዋን እንኳ ሳትይዝ በዝናብ ወጣች።

እንደነገረችኝ ቤት ስትደርስ አባቷ ራዲዮ እየሰሙ ነበር። ራት አቀረበችላቸው።

«ምነው አንቺስ አትበዪም?» አሏት።

«በርዶኝ ነው አባባ።»

ልትነግራቸው አፏ ድረስ መጣ፤ መለሰችው። አለ ብላ ነግራቸው ኋላ ሞቶ ቢገኝ ሽማግሌውን ሁለተኛ መግደል ይሆንባታል። እንቅልፍ ሳይወስዳት ነግቶ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቢሮ ደጃፍ ቆማ ዘበኛው አገኛት።

እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ መስመሩ ተገኝቶ ጭራው መምጣት ጀምሯል፤ መስመሩ እንዳይሞትባት ፈርታ ቦጂያን ምንም ሳትጠይቀው ነበር ያስጀመረችው። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ኩማም አሉ። ፋይሉ እየመጣ ሳለ የሚታየው የፊደል ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም አይታይም። ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አበቃ። ከስንት ቀን ልፋት በኋላ ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ደረሰ። አቶ ኩማ «እሰይ!» ብለው ትከሻዋን መታ አደረጓት። እሷ አልሰማቻቸውም፤ ፋይሉን ከፍታ የወንድሟን ስም ፈለገች።

ረድፉ አሁን ሙሉ ነው። ወልደአማኑኤል ገረሱ፣ አዲስ አበባ፣ ልደታ። በእስር ላይ ሞተ፣ 1974።

ያኔ ነው የጮኸችው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሆዷ የወጣ ጩኸት። ኮሪደሩ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ብድግ አሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች። ዐሥር ዓመት ሞቷል ያሉት ሰው ለአንድ ሌሊት በሕይወት ኖሮ እንደገና ሞተባት። ያውም ሞተ ከተባለ በኋላ አራት ዓመት ኖሮ፣ ማንም ሳይፈልገው።

አቶ ኩማ ውሃ ሊያመጡ ሮጡ። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ስክሪኑን አየሁት። ረድፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት።

«ሠርክዬ» አልኳት። «የእናትሽ ስም ጠጅቱ ነበር እንዴ?»

ትከሻዋን ነቀነቅኩት።

«ሠርካዲስ! እዚህ የቅርብ ዘመድ የሚለው ላይ ‹እናቱ ጠጅቱ› ነው የሚለው።»

ቀስ ብላ ዞረች። «እናቴ ወለተሰንበት ናት።»

ወንበሩን ስባ ተጠጋች። ወደ ታች አንድ ረድፍ ወረደች። ወልደአማኑኤል ደስታ ይላል። ይህ ስም ግን ከላይም አለ፤ ትናንት ከወንድሟ ስም በፊት ደርሷል። አሁን ሁለተኛ ጊዜ መጥቷል። ሌላ ረድፍ ወረደች። ወልደአማኑኤል ገረሱ፣ አዲስ አበባ፣ ልደታ። እንደገና! በሕይወት አለ። ድሬዳዋ ካምፕ። የቅርብ ዘመድ፦ እናቱ ወለተሰንበት።

በዚህ ጊዜ ከወንበሩ ላይ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አቶ ኩማ ብርጭቆውን እንደያዙ በር ላይ ቆሙ። «ኧረ ምንድነው? አንድ ሰው በአንድ ዝርዝር ላይ ሞቶም ኖሮም ይጻፋል?» አሉ።

ቶሎ የገባት እሷ ናት፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች። ስልኩን አቀብሉኝ አለችና ቦጂያን ጠራችው። መስመሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

«ቦጂያ፣ ትናንት ከተቋረጠ በኋላ ፋይሉን ነክተኸዋል?»

«አይ፣ ብዙም አይደለም» አለ። «ከሰዓት ሁለት ሰው መጡና አለቃችን አስገባ አሉኝ፣ ሁለት ስም ብቻ ነው የጨመርኩት። ምነው?»

«በየትኛው ፊደል?»

«አንዱ ሀይሉ ነው፣ አንዱ ሞቱማ።»

ዓይኗን ጨፈነች። እኛ እንድንረዳው ቀስ ብላ አስረዳችን። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰው አያውቅም። ይህን ያህል ፊደል ደርሶኛል፣ ቀጥል ይላል። ቦጂያ ወደ ላይ ሁለት ሰው ሲያስገባ ግን ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሁለት ረድፍ ወደ ታች ወረደ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የቀጠለው ከወንድሟ ረድፍ ሳይሆን ሁለት ረድፍ ከላይ ከነበረው ሰው ረድፍ ነው። የአንዱን ሰው ስም ከሌላው ሰው ሞት ጋር ሰፋው። ስፌቱም ምንም አይታይም።

«አምላኬ!» አለ ቦጂያ በስልኩ። «ሰው ገደልኩ ማለት ነው?»

«አልገደልክም፤ ወንድሜ ነው። አጠገብህ ካምፕ ውስጥ አለ። ቦጂያ፣ ሂድና በዓይንህ እየው። ወልደአማኑኤል ገረሱ በለው። የልደታ፣ የአናጢው ልጅ በለው።»

ስልኩ ተዘጋ። ደስ ብሎን መተቃቀፍ ስንጀምር ነው አቶ ኩማ በዝግታ የጠየቁት፤ «እንግዲያ ሟቹ ማነው?»

ወደ ላይ ሄደች። ከወንድሟ ሁለት ረድፍ ከፍ ብሎ ወልደአማኑኤል በዳዳ ይላል፤ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ በእስር ላይ ሞተ፣ 1974፣ እናቱ ጠጅቱ። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነበረ። ትናንት ከራሷ ወንድም ስም በላይ ዓይኗ አልሄደም።

የበሩ ክፍተት ኮሪደሩን ያሳያል። እማማ ጠጅቱ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ በቦታቸው ተቀምጠዋል።

«እኔ ልንገራቸው፣ አንቺ አትችይም» አልኳት።

«የእሳቸውን ሐዘን ግማሽ ሰዓት ይዤላቸው ቆይቻለሁ፤ እኔ ነኝ የምሰጣቸው» አለችኝ።

ጫማዋን ሳታደርግ ወጣች። አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። ገና አፏን ሳትከፍት ፊቷን አይተው፣ «ልጄ፣ ያ ጩኸት የማን ነበር?» አሏት።

«የኔ ነበር እማማ። በስሕተት ነው የጮኽኩት።»

«ለኔ ነበር እንዴ?»

«አዎ እማማ» አለች።

እማማ ጠጅቱ አልጮኹም። የሠርካዲስን እጅ ለቀው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። አቶ ኩማ በመሥሪያ ቤቱ መኪና እስከ አብነት ይዘዋቸው ሄዱ፤ ሠርካዲስም አብራ ሄዳ ለቅሶው ላይ ዋለች።

ቦጂያ በማግስቱ ደወለ። ካምፑ ሄዶ አግኝቶታል። በመጀመሪያ ስሙ ሲጠራ አልመለሰም አለ፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። የአናጢው ልጅ ሲባል ግን ቀና ብሎ «አባቴ አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ እናቱም ጠየቀ። ቦጂያ «አላውቅም» አለው። ይህን ሲነግራት ቦጂያ ራሱ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ደንብ አወጡ፤ መላክ የተጀመረ ፋይል ጭራው እስኪደርስ ድረስ ሚኒስትር ቢያዝዝ እንኳ አይነካም፤ ከመቀጠሉ በፊትም ፋይሉ መላክ ሲጀመር የነበረው ጠቅላላ የፊደል ብዛት አሁን ካለው ጋር ይነጻጸራል። ወረቀቱን በታይፕ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተሩ ራስጌ ተለጠፈ።

ለአባቷ የነገረችው ቦጂያ በደወለበት ቀን ማታ ነው። አቶ ገረሱ ይህን እንደሰሙ ተነሥተው ወደ ሥራ ጠረጴዛቸው ሄዱና መሮውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «ተዝካሩን በልተናል እኮ» አሉ ብቻ። ለዲንቄ የነገሯትም እሳቸው ናቸው። ዲንቄ ስትሰማ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ጋሻው ነው ያነሣት።

ወልደአማኑኤል ልደታ የገባው መስከረም ሲጋመስ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የአባቱ ታናሽ ወንድም ይመስል ነበር። እናቱ መሞታቸውን ከሰማ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ሠርካዲስ ስለ ዝርዝሩ ነገር ስታጫውተው የበዳዳን ስም ሰምቶ ክው አለ።

«ሞክሼዬ ነው እኮ» አላት። «አንድ ምንጣፍ ላይ ነበር የምንተኛው። ወባ ይዞት እጄ ላይ ነው የሞተው። ሞቱን ያስመዘገብኩትም እኔ ነኝ።»

እዚያው ተነሥቶ እማማ ጠጅቱ ቤት ሄደ። ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጦ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁትን ነገር ነገራቸው፤ ልጃቸው ምን ይቀልድ እንደነበር፣ በስተመጨረሻ ምን እንዳለ፣ የት እንደቀበሩት።

ዲንቄን በተመለከተ ሽማግሌ ይግባ ያሉ ነበሩ። እሱ እንቢ አለ። «ምንም አልበደለችኝም፤ ሳልመለስ የቀረሁት እኔ ነኝ» አለ። ነገር ግን ልጁን ማየት ፈራ። አንድ ቅዳሜ ጋሻው ራሱ ሲቲን እጇን ይዞ አመጣት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በር ላይ ቆመች።

«ሲቲ» አላት ጋሻው፣ «አባትሽ እሱ ነው። እኔም አባትሽ ነኝ። ሁለት አለሽ ማለት ነው።»

ልጅቷ ወደ ወልደአማኑኤል ሄዳ ጎንበስ ብላ እጁን ጨበጠችና «እንደምን ዋሉ?» አለችው፣ ለማያውቁት ትልቅ ሰው እንደሚባለው። አቶ ገረሱ ፊታቸውን አዞሩ። ወልደአማኑኤል ግን «ደህና ዋልሽ፣ ሲቲ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጣትና በማይሰማው ጆሮው በኩል ስለነበረች እንደገና አስነሥቶ በሌላው ጎኑ አስቀመጣት። ጋሻው ምሳ ሳይበላ እንዳይሄድ ሠርካዲስ ኮቱን ወስዳ ሰቀለችበት።